ወንድሜ በሄሊኮፕተር ከብት ይነዳል፤ እንዲተው ልምከረው?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ። በባሕር ዳር ከተማ ሽምብጥ አካባቢ ከእናቴ ጋር የምኖር የ34 ዓመት ሴት ነኝ። የ27 ዓመት ታናሽ ወንድሜ አውስትራሊያ ከገባ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። እዚያው የአብራሪነት ትምህርት ተምሮ፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ኖርዘርን ቴሪቶሪ በሚባለው የሰሜን ግዛት ውስጥ በአንድ ሰፊ የከብት እርባታ ተቀጥሮ በትንሽ ሄሊኮፕተር መንጋ ይነዳል። በሥራ ላይ እያለ በስልኩ የሚቀርጸውን ቪዲዮ በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ይልክልናል። ከብቶቹን በዛፍ ጫፍ ቁመት ሲያባርራቸው፣ ሄሊኮፕተሯም እንደ ጭልፊት ስትታጠፍ ይታያል። የአጎቶቼ ልጆች «ጀግና!» እያሉ ይጽፉለታል፤ እናቴ ግን የመጀመሪያውን ካየች ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች፤ ለሚካኤልም ተስላለች። አደጋ የለውም ወይ ብዬ ስጠይቀው «ዝቅ ብሎ መብረር ምን ያስፈራል? ብወድቅም ከቅርብ ነው» ብሎ ይስቃል። ገንዘብ ሲያጠራቅም ደግሞ ተመልሶ አባታችን ከብት በሚያረባበት በፎገራ ሜዳ ይህንኑ ሥራ ለመጀመር ያስባል። እናቴ «በጠባኸው ጡት ብላሃለች በዪውና አስተዪው» ትለኛለች። እኔ ግን ልክ መሆኑን አላወቅሁም። ምን ልበለው? አንዱን ቪዲዮ አያይዤ ልኬልዎታለሁ።

የአብራሪው እህት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ይህን ዓምድ ከመያዜ በፊት 20 ዓመት ያህል ሄሊኮፕተር ስጠግን የኖርሁ ሰው ነኝና ደብዳቤዎ አላፊ አግዳሚ እጅ አልገባም። አብራሪ አልነበርሁም፤ አብራሪዎች ጎድተው የሚያመጡትን የምጠግን ነበርሁ፤ ስለዚህ ስለ በረራው ደስታ ብዙ የምለው የለኝም፤ ከበረራው በኋላ መሬት ላይ የሚገኘውን ግን አውቃለሁ። የላኩልኝን ቪዲዮ ስድስት ጊዜ ተመልክቼዋለሁ። ርዝመቱ 41 ሴኮንድ ብቻ ቢሆንም፣ ወንድምዎ ሊያሳየን ያላሰበው ብዙ ነገር ይታይበታል።

አስቀድሜ «ብወድቅም ከቅርብ ነው» የሚለውን ንግግሩን ላንሣ። እናቱን ለማረጋጋት የተናገረው ቀልድ ከሆነ ይሁን፤ አምኖበት ከሆነ ግን ከዛፉም ከሽቦውም ይልቅ የሚያስፈራኝ እርሱ ነው። ከአጥር ላይ የሚወድቅ ሰው ከዝቅተኛው አጥር ቢወድቅ ይሻለዋል፤ ሄሊኮፕተር ግን ሞተሩ ሲጠፋ ወዲያው እንደ ድንጋይ የሚወርድ ዕቃ አይደለም። ልጆች ከወረቀት ሠርተው እየሮጡ የሚያሽከረክሩትን መዘውር ያስታውሱ፦ ሄሊኮፕተሩ ሲወርድ ከታች ወደ ላይ የሚመጣው አየር ትልቁን ሮተር፣ ማለትም ከአናቱ ላይ የሚሽከረከረውን ክንፍ፣ እንደዚያ እያሽከረከረ ያቆየዋል፤ አብራሪውም መሬት ሊነካ ሲል በሽክርክሪቱ ውስጥ የተጠራቀመውን ኃይል ተጠቅሞ ቁልቁለቱን ይሰብርና ያርፋል። ይህ ዘዴ አውቶሮቴሽን ይባላል፤ ማንኛውም ሠልጣኝ ደጋግሞ ይለማመደዋል። ዘዴው የሚሠራው ግን ከሁለት ነገር አንዱ ሲኖር ነው፤ ወይ ከፍታ፣ ወይ ወደፊት የሚወስድ በቂ ፍጥነት። በ500 ሜትር ከፍታ ላይ ሞተሩ የጠፋበት አብራሪ ገላጣ ሜዳ መርጦ፣ ንፋሱን አይቶ፣ በሬዲዮ ያለበትን ተናግሮ ለመውረድ አንድ ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜ አለው። በ15 ሜትር ላይ ፍጥነቱን ቀንሶ አንድ ግትር ወይፈን ሲያስመልስ የጠፋበት ግን «አንድ፣ ሁለት» ብሎ ሳይጨርስ መሬት ላይ ነው። የሄሊኮፕተር አብራሪዎች መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ የትኛው ከፍታ ከየትኛው ፍጥነት ጋር ሲገናኝ ማምለጫ እንደማይገኝ የሚያሳይ ሥዕል አለ፤ አብራሪዎች «የሟች ሰው መስመር» ይሉታል። ሌላው አብራሪ ሲነሣና ሲያርፍ ብቻ በጥንቃቄ የሚያልፈውን ያንን ክልል፣ ከብት ነጂው በሥራ ቀኑ ደጋግሞ ይገባበታል።

በቪዲዮው ላይ የምትታየው ባለ ሁለት መቀመጫዋ ሮቢንሰን 22 ትመስለኛለች። እ.ኤ.አ. በ1979 የብቃት ማረጋገጫ ካገኘች ወዲህ የሠልጣኞችም የከብት ነጂዎችም ዋና መሣሪያ የሆነችው ዋጋዋ የሚቀመስ፣ እጇም ቀልጣፋ ስለሆነ ነው። ከነአብራሪዋና ከነነዳጇ እንድትነሣበት የተፈቀደላት ክብደት ከ620 ኪሎ ግራም እምብዛም አይዘልም፤ የሁለት ኮርማ ክብደት ቢሆን ነው። ክንፏም እንደ አካሏ ቀላል ስለሆነ በሽክርክሪቱ ውስጥ የሚያጠራቅመው ኃይል ጥቂት ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ አብራሪው በግራ እጁ የሚይዘውን ኮሌክቲቭ የተባለ ዘንግ በአንድ ሴኮንድ ገደማ ውስጥ ወደ ታች ካላወረደው ሮተሩ ይዝላል፤ አንዴ ከዛለ ደግሞ አየር ላይ የሚያስመልሰው ነገር የለም። የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1995 ለዚህችና ለባለ አራት መቀመጫዋ ሮቢንሰን 44 አብራሪዎች ልዩ ሥልጠና የሚያስገድድ ደንብ ሲያወጣ ካሳሰቡት ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር። መሣሪያዋ መጥፎ ናት ማለቴ አይደለም፤ ይቅርታ የማታውቅ ናት።

አሁን ወደ ቪዲዮው ልመለስ። በ19ኛው ሴኮንድ ላይ ፀሐይ ከጀርባ ስትመጣ፣ የፊተኛው መስታወት ላይ ስልክ የያዘ እጅ ይንጸባረቃል። ቀኝ እጁ መሪውን እንደ ጨበጠ ከታች በኩል በግልጽ ስለሚታይ፣ ስልኩን የያዘው ግራ እጁ ነው ማለት ነው። እህቴ፣ ኮሌክቲቩን በዚያች አንዲት ሴኮንድ ውስጥ ማውረድ ያለበት ያው ግራ እጅ ነው። ከዛፍ ጫፍ በታች፣ ከተበተነ መንጋ በስተኋላ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገውን ዘንግ ለቅቆ የያዘው ለእናንተ የሚልከውን ቪዲዮ ነው። ደብዳቤዎን ሳነብ ወንድምዎን ልምከረው ብዬ ነበር የተነሣሁት፤ ይህን ካየሁ በኋላ ግን ምክሩ የሚጀምረው ከእናንተው ግሩፕ እንደሆነ ገባኝ። ወደዚያ ኋላ እመለሳለሁ።

ከሁሉ በላይ ከፍታውን አደገኛ የሚያደርገው ከብቱ ነው። እኔም በጉማራ ወንዝ ዳር ከብት ጠብቄ ያደግሁ ነኝና ነገሩ ለእርስዎም ለእኔም እንግዳ አይደለም፦ ከብት የምትሸሽበት የራሷ ርቀት አላት፤ ከትከሻዋ በስተኋላ ከተጠጓት ወደፊት ትሄዳለች፣ ከትከሻዋ ፊት ከመጡባት ትመለሳለች፤ ስትታዘዝ ደግሞ ፈቀቅ ሊሉላት ይገባል። በጅራፍም ቢሆን በሄሊኮፕተር ሕጉ አንድ ነው። ጥሩ ከብት ነጂ አብራሪ አብዛኛውን ጊዜ ከመንጋው ኋላና ጎን ከፍ ብሎ በድምፁ ብቻ ይነዳል፤ ዝቅ የሚለው የግድ ሲሆን ነው፤ ወዲያውም ይነሣል። ችግሩ የሚመጣው አንድ ወይፈን አፈንግጦ ወደ ጫካው ሲመለስ ነው። አብራሪው አንድ ጊዜ ይመልሰዋል፤ ደግሞ ያፈነግጣል፤ ሦስተኛ ጊዜ ላይ ሥራው ቀርቶ እልህ ይሆናል። እልህ የያዘው ሰው ዓይኑ ከወይፈኑ ቀንዶች ሌላ አያይም፤ የንፋሱን አቅጣጫ፣ የሮተሩን ፍጥነት መለኪያ፣ ከኋላ ያለውን የጅራቱን ሮተር ይረሳል። ወይፈኑ ወደ ንፋሱ መሄጃ ሲታጠፍ እርሱም ተከትሎ ይታጠፋል፤ መሬቱ ከሥሩ በፍጥነት ሲሮጥ ስለሚያይ በቂ ፍጥነት ያለው ይመስለዋል፤ ንፋሱ ከጀርባው ስለሆነ ግን በክንፎቹ ላይ የሚያልፈው አየር ጥቂት ነው። ፍጥነት ሊቀንስ አፍንጫዋን ቀና ሲያደርጋት መስመጥ ትጀምራለች፤ ኃይል ሲጨምርላት ደግሞ ራሷ ወደ ታች በገፋችው አየር ውስጥ ስለገባች በጨመረው ኃይል ልክ ትሰምጣለች። ከዚያ አዘቅት መውጫው ወደፊት ወይም ወደ ጎን መሸሽ ነው፤ መሸሻው ግን ከፍታ ይፈልጋል፤ በዛፍ ጫፍ ቁመት ላይ ደግሞ ከፍታ የለም። ሞተሩ ምንም ሳይሆን፣ ማለፊያ መሣሪያ በማለፊያ አብራሪ እጅ እንዲህ ይወድቃል።

ሽቦው ሌላው ነው። በ27ኛው ሴኮንድ ላይ በስተግራ አንድ የእንጨት ምሰሶ ሽው ብሎ ያልፋል። ምሰሶ ካለ ሽቦ አለ ብዬ ቪዲዮውን አቁሜ፣ አጉልቼ ፈለግሁት፤ አላገኘሁትም። እኔ በወንበር ተቀምጬ፣ ሥዕሉን አቁሜ ያላየሁትን እርሱ በዚያ ፍጥነት፣ ዓይኑ ከብቱ ላይ ሆኖ ሊያየው አይችልም። በአየር ላይ የቀጭን ሽቦ ቀለም ከሰማዩና ከሣሩ ጋር ይመሳሰላል፤ ፀሐይ ዝቅ ስትል ጭራሽ ይጠፋል፤ ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች ሽቦውን ሳይሆን ምሰሶውን የሚፈልጉት፤ መስመሩን መሻገር ሲኖርባቸውም የሽቦው ከፍታ በሚታወቅበት፣ በምሰሶው አናት ላይ የሚሻገሩት። ደግሞ በሽቦ የሚጠለፈው እንግዳ ሰው ብቻ እንዳይመስልዎት፤ ሽቦው እዚያ እንዳለ ጠዋት ሲያስረዳ የነበረ ሰው ከሰዓት በኋላ ከብት ሲያሳድድ ይረሳዋል። እኔ በሠራሁበት ቦታ አንድ ቀን የአንዱን ሄሊኮፕተር ማረፊያ እግር ሳጸዳ ሁለት ክንድ የሚሆን የስልክ ሽቦ ተጠምጥሞበት አገኘሁ። አብራሪውን ጠርቼ ባሳየው ፊቱ አመድ መሰለ፤ የት እንደ በጠሰው አያውቅም ነበር። ሽቦውን ቆርጬ ሰጠሁትና ኪሱ ከተተው።

ሙቀቱ፣ አቧራው፣ ከንጋት እስከ ምሽት የሚዘልቀው ሥራና ድካሙ ይታወቃሉና አላበዛባቸውም። የመሣሪያውን ነገር ግን በሙያዬ ምክንያት በዝምታ አላልፈውም። በዚህች ሄሊኮፕተር ላይ ሞተሩ ኃይሉን ለሮተሩ የሚያስተላልፈው በቺንጊያ ነው፤ ከአቅም በላይ የተጫነች ወይም ቀኑን ሙሉ ኃይል ስትጨምርና ስትቀንስ የምትውል ሄሊኮፕተር ቺንጊያዋ ቶሎ ይጎዳል። አምራቹ በየ2,200 ሰዓት በረራ ወይም በ12 ዓመት፣ ከሁለቱ በቀደመው፣ ሙሉ እድሳት እንዲደረግላት ያዝዛል። ይህ ሁሉ የሚሠራው የበረራው ሰዓት በሐቅ ሲመዘገብ ነው። ሥራ በሚበዛበት ወቅት አምስት ሰዓት በርሮ ሦስት የሚጽፍ ሰው ያተረፈ ይመስለዋል፤ መዝገቡ የሚያውቀው 1,800 ሰዓት ሲሆን ብረቱ የሚያውቀው 3,000 ይሆናል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ እንዲተው ያስገድዱት እላለሁ ብለው ጠብቀው ይሆናል። አልልም። እዚያ አገር አንድ የከብት እርባታ በሺህ የሚቆጠር ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍንበት ጊዜ አለ፤ በፈረስና በሞተር ብስክሌት ብቻ ሳምንታት የሚፈጀውን ሄሊኮፕተር በቀናት ይጨርሰዋል፤ ሥራው የታወቀ፣ የራሱ ሕግ ያለው ሙያ ነው፤ በዚያው ሙያ የሸበቱም አሉ። ወንድምዎም፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ የአባቱን ሥራ በሌላ ጅራፍ ነው የያዘው፤ ይህ ሊያስከብረው ይገባል። ከሁሉ በላይ ደግሞ «በጠባኸው ጡት» የሚል መልእክት ለአብራሪ አይላክም። ቢታዘዝ ሙያውን ያጣል፤ ባይታዘዝ የእናቱን ቃል በልቡ ተሸክሞ ይበርራል፤ በዚያ ቁመት ላይ ልቡ በሌላ ነገር የተያዘ ሰው ደግሞ በስልክ እጁ ከተያዘው አይሻልም። እናትዎን የምለምናቸው ስለታቸውን እንዲጠብቁ፣ ያንን ቃል ግን ከመላክ እንዲቆጠቡ ነው።

ይልቅ እንደ ታላቅ እህት በእርጋታ ይጠይቁት። በአውስትራሊያ ሰው በማይበዛበት ቦታ እንኳ በተለምዶ ከ150 ሜትር በታች መብረር አይፈቀድም፤ ዝቅ ለማለት የዝቅተኛ ከፍታ ፈቃድ፣ ከብት ለመንዳት ደግሞ ከዚያ በላይ ለዚሁ የተለየ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ሁለቱንም ይዟል ወይ ብለው ይጠይቁት፤ ከያዘም ማን እንዳሠለጠነውና ያ ሰው አሁንም አብሮት ይበርር እንደሆነ ይጠይቁት። ከብት መንዳት ከመጀመሩ በፊት ቦታውን ከፍ ብሎ ዞሮ ሽቦና ምሰሶ ይፈልጋል ወይ? የራስ ቁር ያደርጋል ወይ? በአንድ ቀን ስንት ሰዓት ይበርራል፣ ስንቱንስ ይጽፋል? በዚህ ሰዓት ካልተመለስሁ ፈልጉኝ ብሎ የሚነግረው ሰው አለው ወይ? አንድ ወይፈን ሦስት ጊዜ ቢያፈነግጥበትና ትቶት ቢመለስ አሠሪው ምን ይለዋል? ከሁሉ ጥያቄ የመጨረሻውን መልስ በደንብ ያዳምጡት። «ምንም አይለኝም፣ ነገ እንመለስበታለን» ካለ ቢያንስ በመልካም ቤት ነው ያለው። «ይቆጣል» ካለ፣ ወይም ሳቅ ብሎ ወሬ ከለወጠ፣ ያን ጊዜ ሙያውን ሳይሆን አሠሪውን እንዲለውጥ መምከር የእርስዎ ድርሻ ነው።

የፎገራውን ሐሳብ በተመለከተ ግን ቁርጥ ያለ መልስ አለኝ፤ አይሆንም። ጣናና ዙሪያው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ 28 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ከመሳሳቱ የተነሣ ለሄሊኮፕተሯ 2,700 ሜትር ላይ እንዳለች ይሆንባታል፤ ክንፏ የሚቧጥጠው አየር ከባሕር ወለሉ በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ሞተሯም የሚተነፍሰው ያንኑ ነው። እዚያ በዝቅተኛው ሜዳ በቀላሉ የሚወጣበት አዘቅት እዚህ ላያስወጣው ይችላል። ከዚያም በላይ የሐይቁ ዳር የወፍ አገር ነው፤ አሥር ኪሎ ሊመዝን የሚችል ፔሊካን ከደንገሉ ውስጥ ብድግ ሲል በትንሽ መስታወት ላይ ምን እንደሚያደርግ እኔ ልነግርዎት አልፈልግም። ሩዝ የሚያርም ሰው በየማሳው አለ፤ ወደ ጎንደር የሚዘልቀው የኤሌክትሪክ መስመርም በዚያው ሜዳ በኩል ነው። ደግሞስ የሚነዳው የትኛውን መንጋ ነው? የፎገራ ልጅ ከብቱን በስም ጠርቶ ያስገባል። ርብና ጉማራ ሲሞሉ ከብት ወደ ደረቁ ማውጣት ሲያስፈልግ እንኳ፣ በሰዓት 30 ሊትር ገደማ የአውሮፕላን ቤንዚን ከሚጠጣ መሣሪያ ይልቅ ቀድሞ የደረሰ አንድ የስልክ ጥሪ ይሻላል። እርጉዝ ላምና የእርሻ በሬ ደግሞ ሰማይ ሙሉ ጩኸት ቢመጣባቸው ወደ ደረቁ መሄዳቸው ቀርቶ ወደ ረግረጉ ይገባሉ። ገንዘቡን ይዞ ይምጣ፣ ከብት ያርባ፤ ሄሊኮፕተሯን ግን እዚያው ይተዋት።

ወደ ግሩፓችሁ ልመለስ። እርስዎ ራስዎ እንደጻፉት የአጎት ልጆች «ጀግና!» ይሉታል፤ ከላኩልኝ ቪዲዮ ሥር ደግሞ አንደኛው «በሚቀጥለው ከዚህም ዝቅ በልልን» ብሎ እንደጻፈ አንብቤያለሁ። በፍቅር የተጻፈ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ለብቻው በበረሃ ውስጥ የሚውል ወጣት ይህን ሲያነብ ለማን ዝቅ እንደሚል ያስቡት። ዛሬውኑ ለዘመዶችዎ በግል ይጻፉላቸው፤ ያንን ዓረፍተ ነገር ያጥፉት። ለእርሱም «ከአየር ላይ የተቀረጸ ቪዲዮ ከእንግዲህ አናይም፤ ከወረድህ በኋላ ከሄሊኮፕተሯ አጠገብ ቆመህ፣ ምሳህን ስትበላ፣ ከብቶቹ በረት ገብተው ሲያገሱ ቅረጽልን» ይበሉት። እናትዎም የሚፈልጉት የልጃቸውን ፊት እንጂ የከብት ጀርባ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ቀረኝ። እናትዎ እንቅልፍ ሲያጡ ልጃቸውን እንደሚደውሉለት እገምታለሁ። ባሕር ዳር ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን እርሱ ባለበት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ነው፤ ከብት የሚነዳ ሰው ደግሞ ጎሕ ሲቀድ ይነሣል። ከእራት በኋላ አትደውሉለት። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ምሳ ሲቀርብ ደውሉለት፤ እዚያ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ ሄሊኮፕተሯም ቆማለች።